የሰውነት ዘበኞችና የረቂቅ ነገር ጥበብ

በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ፣ በሸኮ አገር፣ ከቡናው ጫካ አጠገብ የሚሰማራ አንድ የከብት ዘር አለ። የሸኮ ከብት ይባላል። ሻኛው እንደ ሌላው የአገራችን ከብት ጐልቶ አይታይም፤ አንዳንዱም ከነጭራሹ ሻኛ የለውም። ከሩቅ አገር የመጣ ነጋዴ ቁመናውን አይቶ ሊንቀው ይችል ይሆናል። የአገሩ ሰው ግን አይንቀውም። የቆላ ዝንብ የምታመጣው የገንዲ በሽታ ሌላውን ከብት አክስቶ ሲጥል፣ የሸኮው ከብት ከብዙዎቹ ዘሮች ይልቅ በሽታውን ተቋቁሞ ሲግጥና ሲታለብ አይቷልና። ይህ ኃይል በአንገቱ የታሰረለት መድኃኒት አይደለም፤ ፈጣሪው በሥጋውና በደሙ ውስጥ ያኖረለት፣ በብዙ ትውልድ የተፈተነ መከላከያ ነው።

ለሰው ልጅም የራሱ መከላከያ ተሰጥቶታል። በሚዛን ተፈሪ፣ በቴፒ፣ በሸኮና በአካባቢው የሚኖረው ሕዝብ፣ ቡናውን የሚያለመልምለት ዝናብ የወባውንም ትንኝ እንደሚያበዛበት ያውቃል። ስለዚህ «ሰውነት ራሱን ከበሽታ የሚጠብቀው እንዴት ነው? ይህንስ ጠባቂ ጠላቱን አስቀድሞ እንዲያውቅ ማስተማር ይቻላልን?» የሚለው ጥያቄ ለዚህ አገር ቤተሰብ የልጅ ሕይወት ጥያቄ ነው። በዚህ ጽሑፋችን፣ በዘመናችን ሁለት የተለያዩ ጥበባት ተገናኝተው ለጥያቄው ምን መልስ እንደ ሰጡ፣ መልሱም በከንቱ እንዳይቀር የቤተሰቡ ድርሻ ምን እንደ ሆነ ለክቡራን አንባብያን እናስረዳለን።

ዘበኞቹ እነማን ናቸው?

የሰውነትን መከላከያ የሚመረምረውን ትምህርት ሊቃውንት ኢሚዩኖሎጂ ይሉታል። ነገሩን በምሳሌ ለመረዳት፣ ሰውነታችንን ቅጥር እንዳለው ግቢ አድርገን እናስበው። ቆዳችን ቅጥሩ ነው። ከቅጥሩ ውስጥ ሁለት ዐይነት ዘበኞች ይጠብቃሉ። የመጀመሪያዎቹ ባዕድ ነገር ሲገባ ማንነቱን ለይተው ሳይመረምሩ ይዘው የሚውጡት ናቸው። ሁለተኞቹ ግን ጠላቱን በመልኩ የሚለዩ፣ ለእርሱ ብቻ የሚስማማ መሣሪያ የሚሠሩ፣ ጠላቱም ከጠፋ በኋላ መልኩን የማይረሱ ናቸው። አንድ ጊዜ ኩፍኝ ወጥቶለት የዳነ ልጅ ብዙውን ጊዜ ዳግመኛ የማይያዘው እነዚህ ዘበኞች መልኩን ስለሚያስታውሱት ነው።

እንግዲህ ክትባት ማለት፣ ዘበኞቹ ጠላታቸውን በጦርነት ሳይሆን በሰላም ቀን እንዲያውቁት ማድረግ ነው። ቃሉ ራሱ የሚያስተምረን ነገር አለ፤ ከተበ ማለት ጻፈ ማለት ነውና። የጠላቱ መልክ በዘበኞቹ ልቡና ውስጥ ይጻፋል። አባቶቻችንም ይህን በልማድ ያውቁት ነበር። ፈንጣጣ በተነሣ ጊዜ ከታመመው ሰው ቍስል ጥቂት ወስደው የጤነኛውን ክንድ ጭረው ያገቡበት ነበር። ይህ ልማድ ብዙውን ቢያድንም አንዳንዱን ይገድል ነበር፤ ጠላቱ ሕያው ሆኖ ይገባ ነበርና። እንግሊዛዊው ሐኪም ኤድዋርድ ጄነር በ1788 ዓ.ም. ከላም በሽታ የተወሰደው ክትባት ሰውን ከፈንጣጣ እንደሚጠብቅ ካሳየ ወዲህ ግን መንገዱ እየተሻሻለ ሄደ።

የዚህን ፍሬ አገራችን አይታለች። በ1963 ዓ.ም. ፈንጣጣን ከኢትዮጵያ ለማጥፋት ዘመቻ ሲጀመር፣ በመጀመሪያው ዓመት ብቻ ከ26,000 በላይ ሕሙማን ተገኝተው ነበር። ሚዛን ተፈሪ ያኔ የነበረበት የከፋ ጠቅላይ ግዛትም በሽታው በብዛት ከተገኘባቸው ስፍራዎች አንዱ ነበር። ከታቢዎቹ በእግርና በበቅሎ፣ ጅረቱን እየተሻገሩ፣ ከመንደር ወደ መንደር ሄዱ። ነሐሴ 3 ቀን 1968 ዓ.ም. በኤል ከሬ በረሃ የኢትዮጵያ የመጨረሻው የፈንጣጣ ሕመምተኛ ተገኘ፤ በ1972 ዓ.ም. በሽታው ከዓለም ሁሉ መጥፋቱ ታወጀ።

ነገር ግን የዚያው ዘመን ታሪክ ሌላም ገጽ አለው። ከ1953 ዓ.ም. ጀምሮ ለሁለት ዓመት ያህል የቢጫ ወባ ወረርሽኝ በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ፣ በኦሞና በዴዴሳ ሸለቆዎች ተነሥቶ ነበር። ወደ 100,000 ሰው እንደ ያዘ፣ 30,000 ያህሉንም እንደ ገደለ ይገመታል። የሚያሳዝነው፣ የቢጫ ወባ ክትባት በዓለም ላይ ከተገኘ ያን ጊዜ ከሃያ ዓመት በላይ ሆኖት ነበር። መድኃኒቱ ነበረ፤ ነገር ግን ሞት ወደ ሸለቆው ከመውረዱ በፊት ወደ ሕዝቡ አልደረሰም። አንባቢ ይህን በልቡ እንዲይዝልን እንለምናለን፤ ከዚህ በኋላ የምንተርከው ሁሉ ከዚህ ጋር የተያያዘ ነውና።

ናኖ ምን ያህል ነው?

ሁለተኛው ጥበብ ናኖቴክኖሎጂ የሚባለው ነው። ናኖ ከጽርእ ቋንቋ የመጣ ቃል ሲሆን ትርጓሜው ድንክ ማለት ነው። አንድ ሚሊሜትር በአንድ ሚሊዮን ቢከፈል፣ አንዱ እጅ አንድ ናኖሜትር ይባላል። የአንድ የራስ ጠጕር ውፍረት 80,000 ናኖሜትር ያህል ነው። በዚህ ልክ የረቀቀ ነገርን መሥራት፣ መለካትና ለሥራ ማዋል ነው ጥበቡ።

ይህ ጥበብ ከሰውነት ዘበኞች ጋር የሚያገናኘው ምንድን ነው? መልሱ ግልጽ ነው፤ ዘበኞቹ ከጥንት ጀምሮ የሚዋጉአቸው ቫይረሶች በዚሁ ልክ የረቀቁ ናቸው። በአንገት፣ በብብትና በብሽሽት ያሉ፣ ሲያብጡ ንፍፊት የምንላቸው ዕጢዎች የዘበኞቹ መሰብሰቢያ ናቸው። ሊቃውንት እንደ ደረሱበት፣ ከ20 እስከ 200 ናኖሜትር ያህል የሆነ ነገር ከቆዳ ሥር ሲገባ በረቂቅ ቧንቧዎች አልፎ ወደ እነዚህ ዕጢዎች በራሱ ይደርሳል። ደግሞም ዘበኞቹ ተራ ይወዳሉ። አንድ ብቻውን የሚንሳፈፍ ቅንጣት ሳያስደነግጣቸው ሊያልፍ ይችላል፤ ያው ቅንጣት ግን እንደ ወታደር ሰልፍ በተራ ተደርድሮ ሲታይ «ይህ ጠላት ነው» ብለው ይነሣሉ፤ የቫይረስ ገላ እንዲህ የተደረደረ ነውና። ስለዚህ ክትባት የሚሠራ ሰው፣ ምን እንደሚያሳያቸው ብቻ ሳይሆን በምን መጠንና በምን አሰላለፍ እንደሚያሳያቸው ማወቅ አለበት። ሁለቱ ጥበባት የተገናኙት በዚህ ነው።

ረቂቅ ነገር ሲጐዳ

ረቂቅ የሆነ ሁሉ ግን መድኃኒት አይደለም። ለዚህም ማስረጃው ከእግራችን በታች አለ። ከፍ ባሉና ዝናብ በሚበዛባቸው የኢትዮጵያ የቀይ አፈር አገሮች፣ ባዶ እግሩን የሚያርስና ቡና የሚለቅም ሰው ከጊዜ በኋላ እግሩ እያበጠ፣ ቆዳው እየሻከረ የሚሄድ በሽታ አለ። ሕዝቡ ዝሆኔ ይለዋል። በሌሎች አገሮች ዝሆኔ በትንኝ ከሚተላለፍ ትል የሚመጣ ነውና፣ ለብዙ ዘመን የእኛም ከዚያው የመጣ ይመስል ነበር። በ1960ዎቹ እንግሊዛዊው ሐኪም ኧርነስት ፕራይስ በኢትዮጵያ ሕሙማንን መርምሮ፣ በብሽሽታቸው ዕጢዎች ውስጥ እጅግ የደቀቁ የአፈር ቅንጣቶችን አገኘ። ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ የተፈጠረው የቀይ አፈር ትቢያ በእግር ቆዳ ገብቶ፣ የሰውነት ዘበኞች ሊያጠፉት ሲታገሉ የገዛ ቤታቸውን ያቈስላሉ። ፕራይስ ይህን በሽታ ከትሉ ለይቶ ፖዶኮኒዮሲስ ብሎ ሰየመው።

ነገር ግን በአንድ እርሻ ላይ ባዶ እግራቸውን ከሚሠሩ ሁለት ወንድማማቾች አንዱ ታሞ ሌላው የሚድነው ለምንድን ነው? ኢትዮጵያዊው ተመራማሪ ፋሲል ተኮላ አየለና ባልደረቦቹ በ2004 ዓ.ም. ባወጡት ጥናት ለዚህ መልስ አገኙለት። ኤች ኤል ኤ በሚባለው፣ ዘበኞቹ የራሱን ከባዕዱ በሚለዩበት የዘር ክፍል ላይ ልዩነት ያላቸው ሰዎች ለበሽታው ይበልጥ የተጋለጡ ሆነው ተገኙ። በአገር አቀፍ ደረጃ በተደረገው ቈጠራም 1.5 ሚሊዮን ያህል ዐዋቂ ኢትዮጵያውያን በዚህ በሽታ እንደሚሠቃዩ ተገምቷል።

ከዚህ ጥናት ሁለት ነገር እንማራለን። አንደኛው፣ በሽታው ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። ስለዚህ እግሩ ያበጠውን ወንድማችንን ከድግስ መለየት፣ በቤተ ክርስቲያን ከአጠገቡ መሸሽ፣ ሴት ልጁንም ለጋብቻ መናቅ በእውቀትም በሃይማኖትም የማይገባ ሥራ ነው። ሁለተኛው፣ መከላከያው ጫማ ነው። ለታመመውም እግሩን በየቀኑ በሳሙናና በንጹሕ ውሃ ማጠብ፣ ቅባት መቀባት፣ በፋሻ መጠቅለልና ጫማ ማድረግ ስቃዩን በብዙ እንደሚቀንስለት በምሥራቅ ጎጃም የተደረገ ጥናት አረጋግጧል። ነገሩ በማይታይ ትቢያ ቢጀምርም፣ መዝጊያው ከእያንዳንዱ ቤት ደጅ ላይ ነው።

ረቂቅ ነገር ሲጠቅም

አሁን ወደ መድኃኒቱ እንመለስ። የቡና አገር ሰው ገለባን ያውቃል። ፍሬው የወጣለት ገለባ መልኩ የቡና መልክ ነው፤ ነገር ግን ቢዘራ አይበቅልም፤ የሚበቅለው ፍሬው ነውና። የዘመናችን ሊቃውንትም የቫይረሱን ገለባ ብቻ፣ ያለ ፍሬው መሥራት ችለዋል። የጉበት በሽታ ከሚያመጣው ከሄፓታይተስ ቢ ቫይረስ የላይኛውን ልብስ ብቻ በእርሾ ውስጥ እንዲሠራ ያደርጉታል፤ ቅንጣቶቹም 22 ናኖሜትር ያህል ክብ ሆነው ይሰለፋሉ። ዘበኞቹ ይህን አይተው ጠላቱን ይማራሉ፤ ገለባው ግን ፍሬ ስለሌለው በሽታ ሊሆን ከቶ አይችልም። ይህ ክትባት ከ1999 ዓ.ም. ጀምሮ ከሌሎች አራት ክትባቶች ጋር በአንድ መርፌ ተዋሕዶ ለኢትዮጵያ ሕፃናት ሲሰጥ ቆይቷል።

የማኅፀን በር ካንሰርን የሚከላከለው የኤች ፒ ቪ ክትባትም እንዲሁ ገለባ ነው፤ ቅንጣቱ 55 ናኖሜትር ያህል ነው። በአገራችን በ2011 ዓ.ም. ዕድሜያቸው 14 ዓመት ለሆነ ልጃገረዶች መሰጠት ጀመረ። ስለዚህ ክትባት «ልጃገረድን መካን ያደርጋል» የሚል ወሬ በአንዳንድ ስፍራ ሲነገር እንሰማለን። ወሬው ሐሰት ነው። ይልቁንም ክትባቱ የሚከላከለው በሽታ ነው ማኅፀንን የሚያጠፋውና እናቶችን ያለ ዕድሜያቸው የሚቀጥፈው። ለሴት ልጁ የሚያስብ አባት ይህን ሊያውቅ ይገባዋል።

መስከረም 21 ቀን 2016 ዓ.ም.፣ ምእመናን የግሸን ማርያምን በዓል ሲያከብሩ በዋሉበት ዕለት፣ ከአውሮፓ ሁለት ዜናዎች ተሰሙ። አንደኛው ከስዊድን ነበር። የሀንጋሪ ተወላጅ የሆነችው ካታሊን ካሪኮና አሜሪካዊው ድሩ ዋይስማን የኖቤልን የሕክምና ሽልማት ማግኘታቸው ተነገረ። እነርሱ የደከሙበት ምርምር፣ የጠላትን መልክ በገለባ ሳይሆን በአጭር መልእክት ለሰውነት ለማድረስ አስችሏል። መልእክቱ ቶሎ የሚበላሽ ስለሆነ 100 ናኖሜትር ያህል በሆነች የስብ ጠብታ ተጠቅልሎ ይላካል። በኮቪድ ወረርሽኝ ጊዜ እጅግ ብዙ ሰዎች የተከተቡት በዚህ መንገድ በተሠሩ ክትባቶች ነበር። ሁለተኛው ዜና ከጄኔቫ ነበር፤ ለሸኮና ለቴፒ ይበልጥ የሚቀርበውም እርሱ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት አር 21 የተባለው የወባ ክትባት ለሕፃናት እንዲሰጥ መከረ።

ወባና አዲሱ ክትባት

ወባ ከቫይረስ ሁሉ የረቀቀ ተንኰል አለው። ትንኟ በነደፈች ጊዜ የምታስገባው ተሐዋሲ አንድ ሰዓት እንኳ ሳይሞላ ወደ ጉበት ገብቶ ይደበቃል፤ በዚያም አንድ ሳምንት ያህል ተራብቶ በሺህ የሚቈጠር ሆኖ ወደ ደም ይወጣል። ያን ጊዜ ነው ንዳዱና ብርዱ የሚጀምረው። ስለዚህ ዘበኞቹ ሊይዙት የሚችሉት ከቆዳ እስከ ጉበት ባለው በዚያች አጭር መንገድ ላይ ነው። እንዲህ ያለውን ፈጣን ሌባ ለመያዝ ዘበኛው አስቀድሞ መልኩን ጠንቅቆ ማወቅ አለበት።

በእንግሊዝ አገር በኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ የሚገኘው፣ በጄነር ስም የተሰየመው የምርምር ተቋም ሊቃውንት መፍትሔውን ያገኙት ቀድሞ ከሚታወቀው ገለባ ላይ ነው። ከወባው ተሐዋሲ ልብስ ጥቂት ቈርጠው በሄፓታይተስ ቢ ገለባ ላይ ሰፉት። እንዲህ ሆኖ የወባው መልክ በረቂቅ ቅንጣት ላይ ተሰልፎ ለዘበኞቹ ይታያል። ዘበኞቹን የሚያነቃቃ ሌላ ቅንጣትም ይጨመርበታል። ማትሪክስ ኤም የሚባለው ይህ ቅንጣት 40 ናኖሜትር ያህል የሆነ፣ እንደ ቅርጫት የተሠራ ነገር ነው። የሚሠራውም በቺሊ አገር ከሚበቅል ኪላያ ከሚባል ዛፍ ልጥ ከሚገኝ ሳፖኒን ነው። ሳፖኒን እንዶዳችን በልብስ አጠባ ጊዜ አረፋ እንዲያወጣ የሚያደርገው ነገር ዐይነት ነው። ይህን ስንል ግን እንዶድ ለወባ ይጠጣ ማለታችን አይደለም፤ እንዶድ ቢጠጣ መርዝ ነው።

ክትባቱ የተፈተነው በአፍሪካ ምድር፣ በአፍሪካውያን ሐኪሞችም እጅ ነው። በቡርኪና ፋሶ፣ ናኖሮ በምትባል የገጠር ቦታ፣ ፕሮፌሰር ሀሊዱ ቲንቶ ቀዳሚውን ፈተና መርቷል። ከዚያም በቡርኪና ፋሶ፣ በማሊ፣ በኬንያና በታንዛንያ ከ4,800 በላይ ሕፃናት በተካፈሉበት ፈተና፣ ወባ በተወሰኑ ወራት በሚበረታባቸው ቦታዎች በአንድ ዓመት ውስጥ የሚደርሰውን የወባ ሕመም በ75 በመቶ፣ ዓመቱን ሙሉ በሚቆይባቸው ቦታዎች ደግሞ በ68 በመቶ ቀነሰ። የአንዱ መርፌ ዋጋ ከ2 እስከ 4 የአሜሪካ ዶላር ነው። ቀደም ብሎ በ2014 ዓ.ም. የተፈቀደ ሌላ የወባ ክትባትም አለ፤ እርሱም በዚሁ መንገድ በገለባ ላይ የተሠራ ነው። ኢትዮጵያም እ.ኤ.አ. በ2025 የወባን ክትባት ከጀመሩት የአፍሪካ አገሮች ተርታ ገብታለች።

ጉዳዩ ለአገራችን ምን ያህል አስቸኳይ እንደ ሆነ አንድ ቍጥር ብቻ እንጥቀስ። ከታኅሣሥ 2016 እስከ ጥቅምት 2017 ዓ.ም. ድረስ ባሉት ወራት ውስጥ በኢትዮጵያ ከ7.3 ሚሊዮን በላይ ሰዎች በወባ ታመዋል፤ 1,157 ሰዎችም ሞተዋል።

ቅጥሩ ሁሉ አልተዘጋም

ለአንባብያን እውነቱን ሙሉውን መናገር ግዴታችን ነው። ይህ ክትባት ወባን ሁሉ አያጠፋም። በአገራችን በብዛት የሚገኙት የወባ ዐይነቶች ሁለት ናቸው፤ የጤና ሠራተኞች ፋልሲፓረምና ቫይቫክስ ይሏቸዋል። ክትባቱ የተሠራው ይበልጥ ገዳይ ለሆነው ለፋልሲፓረም ነው፤ ቫይቫክስን አይከላከልም። ኃይሉም ከጊዜ ብዛት ይቀንሳልና፣ ከአምስት ወር ዕድሜ ጀምሮ ሦስት መርፌ፣ ከዚያም በዓመቱ አራተኛ መርፌ ያስፈልገዋል። ሦስቱን ወስዶ አራተኛውን የተወ ልጅ፣ ቅጥሩ ተሠርቶ በሩ ሳይገጠም እንደ ቀረ ግቢ ነው። ስለዚህ የተከተበውም ልጅ በአጎበር ውስጥ መተኛት አለበት፤ ትኩሳት ሲጀምረውም አንድ ቀን ሳይሞላው ወደ ጤና ኬላ ወይም ወደ ጤና ጣቢያ ተወስዶ ደሙ ሊመረመር ይገባል።

ሌላም ችግር አለ። እነዚህ ረቂቅ ቅንጣቶች ሙቀት ያበላሻቸዋል፤ ብዙዎቹንም ውርጭ ያበላሻቸዋል። ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ባለው ቅዝቃዜ ተጠብቀው ከፋብሪካው እስከ ሕፃኑ ክንድ መድረስ አለባቸው። በክረምት መንገዱ በጭቃ ሲዘጋ፣ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ክትባቱን በበረዶ ሣጥን አንግታ ወንዝ ተሻግራ ትመጣለች። በቀጠሮው ቀን እናቶች ባይገኙ ግን ድካሟ ከንቱ ይሆናል። በ1953 ዓ.ም. ወደ ኦሞ ሸለቆ ሳይደርስ የቀረው ክትባት በሕዝቡ ጥፋት አልቀረም ነበር። ዛሬ ግን መድኃኒቱ እስከ ቀበሌው ድረስ ሊመጣ ይችላልና፣ የመጨረሻዎቹ ጥቂት መቶ እርምጃዎች በእያንዳንዱ ቤተሰብ እጅ ናቸው።

ጸበልና መድኃኒት

ከምእመናን አንዳንዶቹ «እኛ በጸሎትና በጸበል እንታመናለን፤ መርፌ መፈለግ የእምነት ጕድለት አይሆንብንምን?» ብለው ይጠይቃሉ። ጥያቄው ከቅን ልብ የመጣ ነውና በአክብሮት ሊመለስ ይገባዋል። ቅዱስ ሉቃስ ወንጌላዊም ሐኪምም ነበር። በመጽሐፈ ጦቢት እንደምናነበው፣ መልአኩ ቅዱስ ሩፋኤል ጦብያን የላከው እግዚአብሔር በቃል ብቻ መፈወስ ተስኖት አልነበረም፤ ነገር ግን የዓሣውን ሐሞት እንዲወስድና የአባቱን ዐይን እንዲቀባበት አስተማረው። መልአክ መድኃኒትን ካልናቀ ሰው ስለ ምን ይንቀዋል?

በቤተ ክርስቲያናችንም ይህ ጥያቄ ተነሥቶ መልስ አግኝቷል። በ1999 ዓ.ም. አንዳንድ ሕሙማን ጸበል ስንጠመቅ የኤች አይ ቪን መድኃኒት ማቆም አለብን ብለው ሲቸገሩ፣ ብፁዕ ወቅዱስ ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ መድኃኒቱን እየወሰዱ ጸበሉንም መጠመቅ እንደሚቻል፣ አንዱ ሌላውን እንደማይከለክል አስተምረዋል። ክትባትም በዚሁ ሥርዓት የሚታይ ነው። የሰውነትን ዘበኞች የፈጠረ እግዚአብሔር ነው፤ የሊቃውንቱ ሥራ እርሱ ለፈጠራቸው ዘበኞች ጠላታቸውን ማስተዋወቅ ነው። የተከተበ ልጅ የሚድነው በገዛ ሰውነቱ፣ ፈጣሪው በሰጠው ኃይል ነው።

የቤተሰቡ ድርሻ

በዚህ ረገድ ለእናቶችና ለአባቶች ልናሳስብ የምንወደው ጥቂት ነገር አለ። ወንድ ልጅ በ40 ቀኑ፣ ሴት ልጅ በ80 ቀኗ ክርስትና እንደሚነሡ የታወቀ ነው። ከልደት በኋላ የሚሰጠው የክትባት ቀጠሮ ደግሞ በ6ኛው፣ በ10ኛውና በ14ኛው ሳምንት ነው። የወንዱ ቀጠሮ ከክርስትናው ቀጥሎ ባለው ሰሞን ስለሚውል አያስቸግርም። የሴቲቱ ግን ገና ሳትጠመቅ ይደርሳል። «አራስ ናት፣ ሕፃኗም ክርስትና አልተነሣችም» ተብሎ የስድስተኛው ሳምንት ክትባት እንዲዘገይ ማድረግ አይገባም። አራሷ መውጣት ካልቻለች፣ አባት ወይም አያት ሕፃኗን አቅፈው ይውሰዱ።

የክትባቱን ካርድ እንደ ቤት ውል ጠብቆ ማስቀመጥ ያስፈልጋል፤ በቡና ለቀማ ጊዜ ቤተሰቡ ወደ ሌላ ወረዳ ሲሄድ ካርዱ አብሮ ይሂድ። ለሥራ ወደ እርሻ የሚወጡ ልጆች ጫማ ሳያደርጉ አይውጡ። አጎበር ለእህል መያዣ ወይም ለአጥር አይዋል። የንስሐ አባቶችም በየቤቱ ሲዘዋወሩ ስለ ጾሙና ስለ ጸሎቱ እንደሚጠይቁ ሁሉ፣ «የሕፃኑ ክትባት ተፈጸመን?» ብለው አንድ ቃል ቢጨምሩ ከብዙ ስብከት ይልቅ ይሰማሉ።

ስለ ወጣቶችም አንድ ነገር እንበል። የሰውነት መከላከያ ምርምር ለአገራችን ባዕድ አይደለም። በአዲስ አበባ የሚገኘው የአርመር ሐንሰን የምርምር ተቋም እ.ኤ.አ. በ1970 የተመሠረተው የሥጋ ደዌን ከሰውነት ዘበኞች አንጻር ለመመርመር ነበር። ዛሬ ሚዛንና ቴፒ የዩኒቨርሲቲ ከተሞች ናቸው። በቤተ ክርስቲያን ቅጽር ፊደል የቈጠረ የሸኮ ልጅ ነገ በማይክሮስኮፕ ፊት እንዳይቆም የሚከለክለው ነገር የለም። በገዛ አፈሩ ትቢያ የሚመጣውን በሽታ፣ በገዛ ወንዙ ዳር የምትራባውን ትንኝ ከእርሱ ይልቅ የሚያውቃት ማን አለ? ወላጆች ልጆቻቸውን፣ በተለይም ሴቶች ልጆቻቸውን፣ ለዚህ ትምህርት እንዲያበረቱ አደራ እንላለን።

እንግዲህ ክቡራን አንባብያን፣ የክትባቱ ተራ ወደ ቀበሌያችሁ ሲደርስ ቀኑን ጠይቁ፤ ጎረቤታችሁንም አስታውሱ፤ ከአራቱ መርፌዎች አንዱም አይቅርባችሁ። ሕፃናትን የሚወድ ጌታ የቤታችሁን ልጆች ከንዳድና ከቸነፈር ይጠብቅላችሁ፤ አሜን።